የተመጣጠኑና ያልተመጣጠኑ ኃይሎችን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መመርመር፦ በአንድ ጋሪ፣ በሁለት ጠርሙስና በአንድ ስሪንጅ

አንዲት ኳስ ተመትታ በሣር ሜዳ ላይ እየተንከባለለች ነው። የመታት ልጅ ከኋላ ቀርቷል። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ኳሷን ወደ ፊት የሚገፋት ማን ነው?

የኃይልን ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ለሰባተኛ ወይም ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አቅርቡና እጅ ቁጠሩ። እስካሁን በጠየቅሁባቸው ክፍሎች ሁሉ ብዙ እጅ የሚነሣው «የምቱ ኃይል» ለሚለው መልስ ነው። «ኳሷ ውስጥ የቀረው ኃይል» የሚሉም አይጠፉም። «ማንም አይገፋትም» የሚል ልጅ ከተገኘ ጓደኞቹ ዞር ብለው ያዩታል። ትክክሉ ግን እርሱ ነው። እግር ከኳስ ከተለየ በኋላ መግፋቱ አብቅቷል። አሁን ኳሷን የሚነኳት ሣሩና አየሩ ብቻ ናቸው። መሬት ወደ ታች ትስባታለች፣ ሜዳው ወደ ላይ ይደግፋታል፤ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሣሩና አየሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይገቷታል። ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት በሥዕሉ ላይ የለም።

በማስተማር ሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ይህን ርዕስ በጠመኔ ብቻ አስተምር ነበር። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና «ስበት ወደ ታች፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ፤ ኃይሎቹ የተመጣጠኑ ስለሆኑ መጽሐፉ አይንቀሳቀስም» እል ነበር። የተናገርሁት ስሕተት አልነበረበትም። በፈተና ግን «በቀጥታ መንገድ ፍጥነቱን ሳይቀይር የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ያሉት ኃይሎች የተመጣጠኑ ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ከሞላ ጎደል «አይደሉም፤ ምክንያቱም አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል» ብሎ ጻፈ። ያሳየኋቸው ምሳሌ ሁሉ የቆመ ነገር ስለነበር «የተመጣጠነ» ማለት «የቆመ» ማለት ነው ብለው ተምረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመጣጠኑ ኃይሎችን እየሄደ ባለ ነገር ላይ ሳላሳይ ርዕሱን አልዘጋም። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ ተማሪው በበዛበት ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የሠራሁበት ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሦስት ቢሰጡት ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

መጀመሪያ ቃሉን ማጥራት

በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ኃይል» አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር የሚይዘው ሀብት ነው። «ኃይለኛ ዝናብ» እንላለን፤ ለጎበዝ በሬ «ኃይል አለው» እንላለን፤ መብራት ሲጠፋ «ኃይል ተቋረጠ» እንላለን። ስለዚህ ልጁ «ኳሷ ኃይል አላት» ሲል ያደገበት ቋንቋ እንዳስለመደው መናገሩ ነው፤ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በፊዚክስ ግን ኃይል በሁለት ነገሮች መካከል የሚፈጸም መግፋት ወይም መጎተት ነው። አንድ ነገር ብቻውን አይኖረውም።

ችግሩን ያመጣው ቋንቋ መፍትሔውንም ይዟል። የአማርኛ ግስ አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድ ቃል ይሸከማል፤ «ይገፋታል» ስንል ገፊው እርሱ፣ ተገፊዋ እርሷ መሆናቸው ቃሉ ውስጥ አለ። እኔ ይህን ወደ ሕግ ቀይሬዋለሁ፦ በሥዕል ላይ ለሚሰመር ለእያንዳንዱ ቀስት አንድ ግስ ይጻፍለታል። «ወለሉ ይደግፋታል»፣ «ክሩ ይጎትታታል»፣ «አየሩ ይገታታል»፣ «መሬት ትስባታለች»። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ የኃላፊ ጊዜ ግስ ቀስት አያገኝም የሚል ነው። «እግሩ መታት» አልፏል፤ ስለዚህ ቀስት የለውም። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይህን በሁለት ደቂቃ ይረዳዋል፤ ከዚያ በኋላ «የምቱ ኃይል» የሚል ቀስት የሚሥል ጓደኛውን ራሱ ያርመዋል።

ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ያጽናናቸዋል። አርስቶትል የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ደግሞ ወርዋሪው በተወረወረው ነገር ውስጥ አንድ የሚገፋ ኃይል ያሳድርበታል አለ። «ኳሷ ውስጥ የቀረው ኃይል» ያለው ልጅ ሳያውቀው ከእርሱ ጋር ተስማምቷል። ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው ጋሊሊዮና ሌሎችም ከሠሩት ሥራ በኋላ ሲሆን፣ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሕግ አድርጎ ጻፈው፦ ያልተመጣጠነ ኃይል ካላገኘው በስተቀር የቆመ እንደቆመ ይኖራል፣ የሚሄድም በቀጥታ መስመርና በቋሚ ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። የሰው ልጅ ይህን ለማየት ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጅቶበታል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልገባው ልጅ አያሳዝንም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትንሽ ጋሪ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ፣ አንድ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ሁለት ሜትር ያህል ጠንካራ ክር፣ ክራቸው ያለቀ ሁለት የልብስ ሰፊ ክር ማጠንጠኛዎች፣ ረጃጅም ምስማሮች፣ ፕላስተር፣ ጠመኔና የመለኪያ ሜትር ያስፈልጋል። ስሪንጁ አዲስ ይሁን፤ ከመድኃኒት ቤት በርካሽ ይገኛል። ያገለገለ ስሪንጅ ወደ ክፍል በጭራሽ አታስገቡ።

ጋሪዋን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሯት። በሰፈር መኪና የማይሠራ ልጅ ጥቂት ነው፤ እዚህ ላይ ከመምህሩ የሚበልጡ ብዙ ናቸው። ዋናው ነገር ጎማው በነፃ መዞሩ ነው። የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጣችሁ የጋሪዋ አካል ከሚሆነው ጣውላ ሥር አጣብቁ፣ በውስጡ ቀጥ ያለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አሳልፉ፣ በሽቦው ሁለት ጫፍ ላይ የጠርሙስ ክዳኖችን መሐል ለመሐል በስታችሁ አስገቡ። ክዳኑ መሐሉን ስቶ ከተበሳ ጋሪዋ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ልኬቱም ይበላሻል። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ መካከል ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ የፋብሪካ ምልክት ስለሚኖር እርሱን ተከተሉ። በጋሪዋ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚደርስ ድንጋይ ወይም አሸዋ የተሞላ ጣሳ ጫኑ። ክብደት ሲኖራት ቀስ ብላ ስለምትሄድ ለመለካት ትመቻለች።

ማጠንጠኛዎቹን በጠረጴዛው ሁለት ጫፎች ላይ፣ ምስማር በመሐላቸው አሳልፋችሁ በነፃ እንዲዞሩ አድርጋችሁ እሰሯቸው። ከጋሪዋ ፊትና ኋላ አንዳንድ ክር ይታሰራል፤ ክሮቹ በማጠንጠኛዎቹ ላይ አልፈው በየጫፋቸው አንዳንድ ጠርሙስ ያንጠለጥላሉ። ክሩ ከጋሪዋ እስከ ማጠንጠኛው ድረስ ከጠረጴዛው ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን። በየጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ።

ውሃውን የመረጥሁት የሚዛን ድንጋይ ስለሌለን ብቻ አይደለም። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው፤ መሬት 1 ግራምን የምትስብበት ኃይል ደግሞ 0.01 ኒውተን ያህል ነው። በስሪንጁ 7 ሚሊ ሊትር የጨመረ ተማሪ 0.07 ኒውተን ጨመረ ማለት ነው። ብዙ ባለ ሞላ የኃይል መለኪያዎች ይህን ያህል ትንሽ ኃይል በትክክል ለማሳየት ይቸገራሉ።

ክፍሉን ማደራጀት

ከስድሳ በላይ ተማሪ ካላችሁ ስምንት ቡድን አድርጉ። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ውሃ ጨማሪ፣ አንዱ ጋሪ ለቃቂ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ጠርሙሱ ሲወርድ ተቀባይ ይሁን። የቀሩት ምልክት አድራጊዎች ናቸው። የምልክቱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ በየግማሽ ሰከንዱ ጠረጴዛ እየመታ ይቆጥራል፤ በስልክ ላይ ያለ የምት መቁጠሪያ በደቂቃ 120 ላይ ቢደረግ ይበልጥ ይረዳል። ጋሪዋ ስትለቀቅ «ዜሮ» ይባላል። አንደኛው ልጅ «አንድ» ሲባል የጋሪዋ አፍንጫ የደረሰበትን፣ ሁለተኛው «ሁለት» ሲባል የደረሰችበትን፣ እንዲህ እያሉ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምልክት ብቻ በጠመኔ ያደርጋሉ። አንድ ልጅ ሁሉንም ልከታተል ቢል አይችልም። ስልክ ያለው መምህር ሜትሩን ከጋሪዋ ጀርባ ዘርግቶ በቪዲዮ ቢቀርጽ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ስልኮች በሰከንድ 30 ምስል ስለሚቀርጹ 15 ምስል ግማሽ ሰከንድ ይሆናል።

ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ሁሉም ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። ይህን አትዝለሉት። ሳይገምት ያየ ልጅ ያየውን ከቀድሞ አስተሳሰቡ ጋር አስማምቶ ያልፋል፤ ጽፎ የተሳሳተ ግን ይገረማል፤ የተገረመ ደግሞ ይጠይቃል።

ዋናው ምርመራ

እርምጃ 1። በሁለቱም ጠርሙስ እኩል ውሃ አለ፤ ጋሪዋ ቆማለች። ቀስቶቹን ከነግሶቻቸው አሥሉ። ይህ የታወቀው የመጽሐፍና የጠረጴዛ ምሳሌ ነውና ቶሎ እለፉት።

እርምጃ 2። ውሃው እንዳለ ሆኖ ጋሪዋን ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ ገፋ አድርጓትና ልቀቋት። ትንሽ ሄዳ ትቆማለች። «ኃይሏ አለቀ» የሚል ድምፅ ወዲያው ይሰማል። እናንተም ወዲያው «ማን ያዛት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰበቃ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይግባ፦ ዘንጉ ከቀፎው ጋር፣ ማጠንጠኛው ከምስማሩ ጋር ይፋተጋሉ። ጋሪዋ የቆመችው ያለቀባት ነገር ስላለ አይደለም፤ ስትሄድ ወደ ኋላ የሚይዛት ስላለ፣ እርሱን የሚመጥን ወደ ፊት የሚጎትታት ስለሌለ ነው።

እርምጃ 3። የምርመራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በቀኙ ጠርሙስ ውስጥ በስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ጋሪዋን ወደ ቀኝ በጣት ገፋ አድርጓትና ተመልከቱ። ደግሞ 2 ጨምሩ፤ ደግሞ ገፋ። እንዲህ እያላችሁ ጋሪዋ ከተገፋች በኋላ ሳትፈጥንም ሳትዘገይም እስከ ጫፍ የምትሄድበትን መጠን ፈልጉ። በእኔ ጋሪ 14 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነበር፤ የእናንተ እንደ ጎማውና እንደ ማጠንጠኛው ይለያያል። ያን ጊዜ ቀኙ ጠርሙስ ከግራው አብልጦ የሚጎትተው 0.14 ኒውተን፣ ሰበቃው ወደ ግራ የሚይዘው 0.14 ኒውተን ነው ማለት ነው። ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል፤ ጋሪዋ ግን እየሄደች ነው! እግረ መንገዳችሁንም የሰበቃውን መጠን ለካችሁ።

አሁን ምልክት አድርጉ። በየግማሽ ሰከንዱ የተደረጉት ነጥቦች እኩል ይራራቃሉ፤ ለምሳሌ 9፣ 9፣ 8፣ 9 ሴንቲ ሜትር። ቀጥላችሁ ያንኑ ውሃ ሳትነኩ ጋሪዋን ጠንከር አድርጋችሁ ገፏት። ነጥቦቹ አሁንም እኩል ይራራቃሉ፤ ነገር ግን በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር። ክፍሉን ዝም አሰኙና ጠይቁ፦ ውሃው ያው፣ ሰበቃው ያው፣ ኃይሎቹም ሁለቱንም ጊዜ የተመጣጠኑ፤ ታዲያ ፍጥነቷ ለምን ተለያየ? የተመጣጠኑ ኃይሎች ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን አይወስኑም፤ የነበረው ፍጥነት እንዳይለወጥ ብቻ ያደርጋሉ። ዜሮም አንድ ፍጥነት ነው። የቆመው መጽሐፍና የምትሄደው ጋሪ አንድ ቤት ውስጥ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ይህን ከእኔ አፍ ከሰሙት ይልቅ ከነጥቦቹ ያነበቡት ይዘውት ይሄዳሉ።

እርምጃ 4። በቀኙ ጠርሙስ ላይ ተጨማሪ 20 ሚሊ ሊትር ጨምሩና ጋሪዋን ሳትገፉ ልቀቋት፤ ላለመነሣት ካንገራገረች ጠረጴዛውን ነካ አድርጉ። አሁን 0.2 ኒውተን ያህል የሚመልሰው የሌለ ትርፍ አለ። ነጥቦቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ጋሪዋና ጠርሙሶቹ በጠቅላላው 770 ግራም ያህል ከሆኑ፣ በየግማሽ ሰከንዱ የሚጨመረው ርቀት 3፣ 9፣ 16፣ 22 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የመጀመሪያውን ርቀት እንደ አንድ ብትቆጥሩት ቀጣዮቹ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እጥፍ ናቸው። ጋሊሊዮ ኳስ በዘንበላ ላይ እያንከባለለ ያገኘው የጎደሎ ቁጥሮች ቅደም ተከተል ይህ ነው። ልጆቹ በሠሩት ጋሪ ይህን ሲያዩ የሚሰማቸው ደስታ በጽሑፍ አይገለጽም። ፍጥነት እየጨመረ መሄዱን ሽምጠጣ እንለዋለን፤ ትርፍ ኃይሉ እስካለ ድረስ ሽምጠጣው አለ።

እርምጃ 5። ውሃው እንዳለ ይሁን። ትርፉ ወደ ቀኝ ነው። ጋሪዋን ግን ወደ ግራ ገፏትና ልቀቋት። ወደ የት ትሄዳለች? ከመልቀቃችሁ በፊት ግምቱን ተቀበሉ። ጋሪዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ትዘገያለች፣ ለአንድ ቅጽበት ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተመልሳ እየፈጠነች ትመጣለች። ወደ ግራ እየሄደች ሳለ ያልተመጣጠነው ኃይል ወደ ቀኝ ነበር። የኃይሉ አቅጣጫና የጉዞው አቅጣጫ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሌላ ሙከራ አላውቅም። ያልተመጣጠነው ኃይል የሚወስነው ጉዞው እንዴት እንደሚለወጥ ነው።

ንቁ ተማሪ ካላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ያያል፦ ጋሪዋ ስትሄድ ቶሎ ትዘገያለች፣ ስትመለስ ግን ቀስ ብላ ነው የምትፈጥነው። ምክንያቱ ሰበቃው ነው። ወደ ግራ ስትሄድ ሰበቃው ወደ ቀኝ ይይዛታልና ከጠርሙሱ ጋር ያብራል፤ ስትመለስ ደግሞ ሰበቃው ፊቱን አዙሮ ጠርሙሱን ይቃወማል። በእኔ ቁጥሮች መጀመሪያ 0.34 እና 0.14 ተደምረው 0.48 ኒውተን፣ ሲመለስ ተቀናንሰው 0.20 ኒውተን ይሆናል። ይህን ሳልጠይቀው ያመጣልኝ ተማሪ ሲገኝ ክፍለ ጊዜውን ለእርሱ እለቅለታለሁ፤ ወጥቶ ያስረዳል።

ነጥቦቹን ወደ ሥዕል መለወጥ

ቁጥር የሚያስፈራቸው ልጆች ስላሉ ሠንጠረዡን ቆየት አድርጉት። ይልቅስ ከአሮጌ ጋዜጣ አንድ ጣት የሚሰፉ ወረቀቶች ይቁረጡ። እያንዳንዱ ወረቀት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ያህል ይርዘም። ከዚያ በቅደም ተከተል ጎን ለጎን አቁመው ደብተር ላይ ይለጥፏቸው። የእርምጃ 3 ወረቀቶች ሁሉም እኩል ቁመት ስለሚኖራቸው እንደ አጥር ይሰለፋሉ። የእርምጃ 4 እንደ ደረጃ ይወጣሉ። የእርምጃ 2 ቁልቁል ይወርዳሉ። ልጆቹ ሳያውቁት የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ሠሩ። ከዚያ በኋላ «አጥር፣ ዳገትና ቁልቁለት» የሚሉት ቃላት በክፍሉ ውስጥ ይቀራሉ፤ ፈተና ላይ ሳይቀር «ኃይሎቹ አጥር ናቸው» ብሎ የጻፈልኝ ነበር፤ ሐሳቡ ስለገባው አርሜ ነጥቡን ሰጠሁት።

በየወረቀቱ ሥር ቀስቶችን ከነግሶቻቸው ያስምሩ። የቀስቱ ርዝመት የኃይሉን መጠን ይከተል፤ ለምሳሌ ለ0.01 ኒውተን 2 ሚሊ ሜትር። አጥር በሆነው ሥዕል ሥር ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያሉት ቀስቶች ሲለኩ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ሳይሆኑ አጥር የሠራ ቡድን ካለ ወይ ቀስት ረስቷል ወይ ውሃውን በትክክል አልመዘገበም፤ ተመልሶ ይፈልግ።

የሚያስቸግሩ ነገሮች

የጠረጴዛው ቁመት ጉዞውን ይወስነዋል። ጠርሙሱ ወለል ከነካ በኋላ ክሩ ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች ዋጋ የላቸውም። በተለመደው የክፍል ጠረጴዛ ከግማሽ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ጉዞ ነው የሚገኘው። ለአሁኑ ይበቃል።

ጠረጴዛው ራሱ ዘንበል ካለ ሁሉም ነገር ይዛባል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ክሮቹን ፈትታችሁ ጋሪዋን በመሐል አስቀምጡ፤ ወደ አንዱ ወገን ከተንሸራተተች ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት አስገቡ። ጠርሙሶቹ እንዳይወዛወዙ ሁልጊዜ አርግባችሁ ልቀቁ። በየጠርሙሱ መውረጃ ሥር የስፖንጅ ቁራጭ ወይም አሮጌ ልብስ አንጥፉ፤ የልጆቹ እግር ከዚያ ይራቅ። ክሩ ከማጠንጠኛው ጎን ወጥቶ ምስማሩ ላይ ከተጠመጠመ ሰበቃው በእጥፍ ይጨምራል፤ ውጤታቸው ድንገት የተለወጠባቸው ቡድኖች ዘንድ መጀመሪያ የምመለከተው ይህን ነው።

ውሃ በጨመርን ቁጥር የሚጎተተውም ግዝፈት በጥቂቱ ይጨምራል፤ ከ750 ግራም ላይ 20 ግራም ብዙ ባይሆንም ለጎበዞቹ ንገሯቸው። ሊያስቀሩት ከፈለጉ ተጨማሪውን ውሃ ከግራው ጠርሙስ ቀድተው ወደ ቀኙ ያዛውሩት። ያን ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ማዛወር የ20 ሚሊ ሊትር ልዩነት እንደሚፈጥር ራሳቸው ይድረሱበት።

የሚወድቅ ነገርም ሊመጣጠን ይችላል

ከወረቀት 10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያላቸው አምስት ክቦች ቁረጡ፤ ከጠርዝ እስከ መሐል ሰንጥቃችሁ ጥቂት በማደራረብ ዝርግ ቆብ የመሰለ ሾጣጣ ሥሩ። ሁሉም እኩል ይሁኑ። አንዱን ሾጣጣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትለቁት ጥቂት ከፈጠነ በኋላ በአንድ ፍጥነት ይወርዳል፤ አየሩ ወደ ላይ የሚገታው መሬት ወደ ታች ከምትስበው ጋር እኩል ሆኗልና። አራቱን ደራርባችሁ ብትለቁስ? ብዙ ልጅ አራት እጥፍ ይፈጥናል ይላል። የአየሩ ግታት ግን ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ አራቱ የሚመጣጠኑት በእጥፍ ፍጥነት ላይ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ከ2 ሜትር፣ አራቱን ከ4 ሜትር ከፍታ በአንድ ጊዜ ልቀቁ፤ ከሞላ ጎደል አብረው መሬት ይደርሳሉ። ነፋስ በሌለበት የፎቅ ደረጃ ላይ ይሠራል። ከላይ ሆኖ የሚለቀው መምህሩ ይሁን እንጂ ልጅ በአጥሩ ላይ አይንጠልጠል።

ኳስና መጥረጊያ በግቢው

ፍጥነት ሳይለወጥ አቅጣጫ ብቻ ሲለወጥስ? ይህን ጋሪዋ አታሳይም፤ ወደ ግቢ ውጡ። በአመድ ወይም በጠመኔ 4 ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስምሩ። ኳስ በመስመሩ ላይ ይንከባለል፤ ተማሪው በመጥረጊያ ጀርባ ብቻ እየነካካ ክቡን ይዞ እንዲዞር ያድርግ። ከዚያ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ኳሱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይመታሉ፤ ኳሱም ቀጥ ብሎ ከክቡ ይወጣል። ከሦስት ከአራት ሙከራ በኋላ አንዱ ከውጭ በኩል ሆኖ ወደ ክቡ መሐል መንካት ይጀምራል፤ ኳሱም ይታዘዘዋል። ያኔ አስቁሙትና «እጅህ ወደ የት ነበር የሚገፋው?» በሉት። ወደ መሐል! በጠማማ መንገድ የሚሄድ ነገር ፍጥነቱ ቋሚ ቢሆንም የተመጣጠኑ ኃይሎች የሉበትም። ታክሲ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ውጭ የተገፋ የሚመስለው ሰውነቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሚቀጥል ነው፤ በሩ ወይም ወንበሩ ወደ መሐል እስኪገፋው ድረስ። ይህን በተናገርሁ ቁጥር «ግን ይሰማኛል እኮ» የሚል ልጅ አለ። አትቆጡት። «ማን ይገፋሃል?» በሉት። ግስ ፈልጎ አድራጊ ሲያጣ ይገባዋል።

በዚያው ኳስ ሌላ ፈተና ስጡ፦ ወደ ሰሜን የሚንከባለለውን ኳስ በአንድ ንክኪ በትክክል ወደ ምሥራቅ አዙር። ወደ ምሥራቅ ብቻ የመታው ልጅ ኳሱ በሰያፍ ሲሄድበት ያያል። የሰሜኑን ጉዞ የሚያስቀር ነገር አላደረገምና።

ገብቷቸው እንደሆነ ማወቅ

በሚቀጥለው ሳምንት ያልተሠራባቸውን ሁኔታዎች ስጡ። ሦስቱን ዘወትር እጠቀምባቸዋለሁ። የመጀመሪያው ያ አውቶቡስ ነው። ሁለተኛው ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም ነው፤ ቆሟልና ተመጣጥኗል የሚለው ልጅ የድሮው መጽሐፍና ጠረጴዛ ገና አልለቀቀውም። መሬት ትስበዋለች፤ የሚደግፈው የለም፤ ስለዚህ ያልተመጣጠነ ነው፣ ቆሞም አይቀርም።

ሦስተኛው ቮዬጀር 1 ነው። ይህ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1977 ከመሬት ተነሥቶ ዛሬ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወደ ፊት የሚገፋው ሞተር የለም። «ታዲያ ምን ያስኬደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከምንም በላይ ደስ የሚለኝ መልስ «ማን ሊያቆመው?» የሚለው ነው። ፀሐይ አሁንም በጥቂቱ ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ስለዚህ የሚሣለው ቀስት አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ወደ ኋላ። ለሙሉ ነጥብ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ ቀስቱን፣ ግሱን፣ ጉዞው እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር። ቀስቱ ትክክል ሆኖ ግሱ ከጎደለ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት ሥሎ «ሮኬቱ ገፋው» ብሎ የጻፈውን ደግሞ ግሱ የየትኛው ጊዜ እንደሆነ እንዲያጣራ ወረቀቱን መልሼ እሰጠዋለሁ።